ፍቅር መስሎኝ ነበር

ሁለት ኤሊዎች አሉኝ። ትልቁ ትንሿ የሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። ስትተኛ ላይዋ ላይ ይወጣል፤ ምግብ ሳስቀምጥላቸው ቀድሟት ቅጠሉ መሃል ጉብ ይላል። እኔ ደግሞ "አቤት ሲዋደዱ!" እያልኩ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ፎቶዎቹን አሁን ሳያቸው አፍራለሁ።

ያነቃኝ የኩሽና ሚዛን ነው። በየሳምንቱ ስመዝናቸው ትልቁ ይጨምራል፣ ትንሿ ባለችበት ቆማ ቆይታ ጭራሽ መቀነስ ጀመረች። ትል ይሆናል ብዬ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ተመረመረች፣ ምንም የለባትም። ሐኪሟ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከማን ጋር ነው የምትኖረው?"

ያን ቀን ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። መጀመሪያ ፊቷ ቆሞ ጭንቅላቱን ላይ ታች ነቀነቀ። ከዚያ ዞራትና የፊት እግሯን ነከሰ። ስትሸሽ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ጎኗን ቋ! አደረጋት፣ ደገማት፣ ከአንገቱ ሥር ወጣ ያለችውን የደረቱን ጫፍ ከሥሯ አስገብቶ ገለበጣት። እግሮቿ አየር ላይ ይወራጫሉ፣ ከላይ ደግሞ ማሞቂያው መብራት። ቤት ባልኖርስ? ሙቀት ሥር ተገልብጦ የቀረ ኤሊ ሊሞት ይችላል።

አብዛኛው የየብስ ኤሊ ጓደኛ አያስፈልገውም። መከተሉም፣ ላይዋ መውጣቱም "ቦታው የኔ ነው" ማለቱ ነበር። ሁለት መሆናቸው ደግሞ ባሰ፤ ጉልበተኛው ሌላ የሚያባርረው ስለሌለ ዱላው ሁሉ አንዷ ላይ ያርፋል።

ወዲያው ለየኋቸው እንዳልል አልለየኋቸውም። ሁለት መደበቂያ፣ ሁለት የምግብ ቦታ አደረግኩ፤ ሰውዬው ሁለቱንም እየተመላለሰ ይጠብቃል! ቀጥሎ ሳጥኑን በመስታወት ከፈልኩት። ይሄ የባሰ ስህተት ነው፣ ስለሚያያት ቀኑን ሙሉ መስታወቱን ሲገጭ ይውላል። በመጨረሻ ለየብቻ ሳጥን ሠራሁላቸው፤ ጎኑ እንጨት፣ ምንም የማያሳይ።

ትንሿ መጀመሪያ አካባቢ ሁለቴ ጎርሳ ቀና ትላለች፣ ዙሪያዋን ታያለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ቆይቶ ይሄ ቀረ። ሚዛኑም ተንቀሳቀሰ።

ኤሊ ትንሽ ሳለ ጾታው አይለይም። አድጋ ሳያት ጅራቷ ረጅምና ወፍራም፣ ሆዷ ጎድጎድ ያለ። ለካ ወንድ ኖሯል! ሁለት ወንድ አንድ ሳጥን ውስጥ አጉሬ ነው እንግዲህ ፍቅር ያልኩት። አፌ ግን ለምዶ ዛሬም ሳበላው "ነይ" ነው የምለው።