ሦስተኛው ሲኒ በዶርኑም

ጀርመን ስንገባ የደረሰን ከሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ኦስትፍሪስላንድ ነው። ባሕሩ አጠገብ ያለች ዶርኑም የምትባል ትንሽ ቦታ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ እንኳ የለም። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ተራራ ማጣት ሆድ እንደሚያስብስ ያወቅኩት እዚያ ነው። ነፋሱ ደግሞ ዝም አይልም።

ግን ግንብ አላት። ዶርኑም የድሮ ባላባቶች መቀመጫ ነበረች። ሦስት ግንቦች ነበሯት፤ አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1514ቱ ጦርነት በኋላ ተመልሶ አልተሠራም። ሁለቱ አሁንም ቆመዋል። ትልቁ ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ነው፤ በድልድይ ይገባሉ። ያኔ ትምህርት ቤት ነበር፤ ልጄም እዚያ ገባች። መጀመሪያ ቀን ስትመለስ፣ «እማዬ፣ እኛም የፋሲል ግንብ አለን!» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ።

ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ናቸው። በልቤ እማማ ነው የምላቸው። በመንገድ ስንገናኝ «ሞይን» ብቻ ተባብለን እናልፋለን፤ ጠዋትም ማታም ሰላምታው ያው ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሻይ ጠሩኝ።

መጀመሪያ ጠጠር የሚያክል ስኳር ሲኒው ውስጥ አደረጉ። ትኩሱ ሻይ ሲወርድበት ጠሽ ጠሽ እያለ ተሰነጠቀ። ከዚያ ክሬሙን በትንሽ ማንኪያ በሲኒው ጠርዝ አንጠባጠቡ። ወደ ታች ሰመጠና እንደ ደመና ተመልሶ ብቅ አለ። ላማስል ማንኪያ ሳነሣ እጄን ያዝ አደረጉኝ። ለካ አይማሰልም። መጀመሪያ ክሬሙ፣ ቀጥሎ መረር ያለው ሻይ፣ ታች ሲደርሱ ጣፋጩ።

ሁለተኛ ቀዱልኝ። ሦስተኛም። ጣታቸውን አንሥተው «ሦስት የኛ ሕግ ነው» አሉኝ። እኔም በተሰባበረ ጀርመንኛዬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ቆጠርኩላቸው። «በረካ» የሚለውን ደጋግመው አሉት።

ወሬ የመጣው በሦስተኛው ሲኒ ነው። በፈረንጆች 1841 ስለተሠራው የአይሁድ ምኩራብ ነገሩኝ። በፈረንጆች ኅዳር 1938 ናዚዎች በየከተማው ምኩራብ ሲያቃጥሉ የዶርኑሙ ተረፈ፤ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ለአንድ አናጢ ተሽጦ ነበርና። ዛሬ መታሰቢያ ነው። «ቤቱ አለ፣ ጎረቤቶቹ የሉም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም ጥዬው ስለመጣሁት ቤት አወራሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ለማንም አልተነፈስኩትም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እኔ ጠራኋቸው። ቡናውን ፊታቸው ቆላሁ፤ ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ። በረካውን ሲጨርሱ የስኳር ማንኪያዋን ሲኒው ውስጥ አቆሟት። በእነሱ አገር በቃኝ ማለት ነው።