ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 2017

የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን የሚያጣው አንድም በክለብ፣ አንድም በፈተና ነው። እኔን በየዓመቱ የሚያገኘኝ ሁለተኛው ነው። ግንቦት ሲገባ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ይበረታል። ልምምድ ላይ መጀመሪያ አንድ ሁለት ልጅ ይቀራል፤ ቀስ በቀስ ይሳሳሉ፤ ሰኔ ላይ ሜዳው ሙሉ በሙሉ የአሥራ አንደኛ ክፍሎች ይሆናል። የአሥራ ሁለተኛዎቹን ከዚያ በኋላ የማያቸው ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ፣ ደብተራቸው ላይ የመታሰቢያ ፊርማ ሲያስፈርሙ ነው። ለእግር ኳሱ ግን የስንብት ቀን የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻው ልምምድ የመጨረሻ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ልላቸው የምፈልገውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ኳስ ለሚወድ ልጅ ሲሸኝ የሚባለው የታወቀ ነው፦ «ገና በቴሌቪዥን እናይሃለን፤ ለብሔራዊ ቡድን ትሰለፋለህ።» ከፍቅር የሚወጣ ቃል ነውና የሚሉትን አልወቅስም። እኔ ግን አልልም። ከዚህ ቡድን አብዛኛው ልጅ ከእንግዲህ የመስመር ዳኛ በቆመበት ሜዳ ላይ ቁጥር ያለው መለያ ለብሶ አይገባም። ይህን እያወቅሁ የቴሌቪዥን ተስፋ አሸክሜ ብሸኛቸው፣ አራት ዓመት ሙሉ የተጫወቱትን መንገድ ላይ የቀረ ጉዞ አደርግባቸዋለሁ። ልጆቼ፣ የተጫወታችሁት እግር ኳስ በራሱ ሙሉ ነበር። ያሸነፍነው ያኔውኑ ድል ነበር፤ የተሸነፍነውም ያኔውኑ አስለቅሶናል።

ይህን ስል ኳስን ያቀለልሁ እንዳይመስላችሁ። የተወለዳችሁበት ከተማ እኮ የኮተን ከተማ ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። ሉቻኖ ቫሳሎ የኮተን ተጫዋች ነበር። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ አቻ ያደረገችንን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበትና 4 ለ 2 አለቀ፤ ሉቻኖም በአምበልነቱ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ከዚያ ወዲህ አላነሣችም። ለእናንተ የምነግራችሁ ግን ሌላውንም ነው፤ ያ አምበል የመካኒክነት ሙያ ነበረው። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው እጅ መፍቻም ያውቅ ነበር። አንዳችሁ ነገ ጋራዥ ብትገቡ፣ አንዳችሁ ባንክ፣ አንዳችሁ አባቱ ሱቅ፣ ከእግር ኳስ የወደቃችሁ እንዳይመስላችሁ።

ሙቀቱን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ በዚህ ወቅት ድሬ ቀትር ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። በዚያ ሰዓት ልጅ ማስሮጥ ጭካኔ ነው፤ ስለዚህ የምንለማመደው ጎሕ ሲቀድ ነበር። ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ፣ ከሳቢያን በጨለማ ተነሥተው ይመጣሉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ እየተጠራሩ ይጫወታሉ፤ ማን በምን ቋንቋ ኳስ እንደጠየቀ ከእኔ በቀር ልብ የሚለው የለም። ከፊታቸው ያለው ሜዳ ሣር የለውም። ሲወድቁ ጉልበታቸው ይላጣል፤ ያንኑ ጉልበት ይዘው ክፍል ይገባሉ።

ስለ አንድ ልጅ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ስለ ቀኝ መስመር ተከላካያችን። ግብ አስቆጥሮ አያውቅም። ስሙ ከጨዋታ በኋላ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ቀፊራ ገበያ ዕቃ ያወርዳል፤ ታኬታውን ከታናሽ ወንድሙ ጋር እየተቀባበለ ነው የሚጫወተው፤ ጫማው ለአንዱ ጠባብ ለአንዱ ሰፊ ነው። ከፊቱ ያለው ልጅ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ሮጦ የሚሸፍነው እርሱ ነው፤ ሸፍኖ ሲመለስ እጁን አንሥቶ ጓደኛውን ሲወቅስ አላየሁም። አንድ ጊዜ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስንጫወት ፈጣን የግራ ክንፍ ገጠመው። በመጀመሪያው አጋማሽ ደጋግሞ አለፈው። እረፍት ላይ እንዲቀየር የሚፈልግ መስሎኝ ወደ እርሱ ሄድሁ። እርሱ ግን ውኃውን አስቀምጦ፣ «ቲቸር፣ ልጁ ከማለፉ በፊት ሁልጊዜ ኳሷን ወደ ውስጥ ነካ ያደርጋታል፤ እሷን ንኪ ብጠብቃትስ?» አለኝ። ጠበቃት። በሁለተኛው አጋማሽ ያ ክንፍ አንድም ጊዜ አላለፈውም።

አንተ ልጅ፣ ይህን የማነሣው ላመሰግንህ ብቻ አይደለም። በሰው ፊት ተሸንፈህ ሳለ ያሸነፈህን ሰው ረጋ ብለህ ማየት የቻልህ ነህ። ይህን እኔ አላስተማርሁህም፤ ይዘኸው መጣህ። በአሰልጣኝነት ዘመኔ ቡድን ያቆሙልኝ እንደ አንተ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ጋዜጣ የሚጽፍላቸው ግብ አስቆጣሪዎቹ ቢሆኑም። በሜዳው ላይ ይህን ለመንገር ጊዜ አላገኘሁም፤ ሁልጊዜ የምጮኸው ለተሳሳተ ልጅ ነውና አንተን የምጠራበት ምክንያት አልነበረኝም።

በረኛችን ደግሞ ያችን ሪጎሬ እስካሁን እንደተሸከማት አውቃለሁ። ስማኝ፦ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከ11 ሜትር ነው፤ በኃይል የተመታች ኳስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ መስመሩ ላይ ትደርሳለች። ኳሷ ከእግሩ እስክትለቅ ብትጠብቅ ጥግ አትደርስባትም፤ አስቀድመህ መውደቅ ግድ ነው። በቀኝህ ወደቅህ፤ እርሱ በግራ መታ። በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን አስቀምጣት።

ከመካከላችሁ ክለብ ሊወስደው የነበረ አንድ ልጅ ነበር፤ የግራ ክንፋችን። ጉዳዩን ሁላችሁም በወሬ ሰምታችኋል፤ ከእኔም ስሙት። ለወጣት ቡድን ልጅ የሚመለምል ሰው መጥቶ አየው፤ ወደደው። ያቀረበው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ሁለት ዓመት እንዲቀነስ። አባትየው ወረቀቱን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። ደህና ሰው ናቸው፤ ጨንቋቸዋል። «መምህር፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው ይሉኛል። ልጄን እንቅፋት ሆኜበት እንዳልቀር ፈራሁ» አሉኝ።

እኔም የማውቀውን ነገርኋቸው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የልጆችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሣል። ልጅ እያደገ ሳለ አጥንቱ ጫፍ ላይ ክፍት የሆነ የእድገት መስመር አለ፤ ዕድሜው ሲደርስ ይገጥማል። ሙሉ በሙሉ የገጠመ አንጓ ወረቀቱ ምንም ቢል ለዚያ ውድድር አያልፍም። ማሽኑን ያመለጠ እንኳ ቢሆን ኑሮው ሁሉ ከዚያ ወረቀት ጋር ይታሰራል። የትምህርት ማስረጃው ሌላ ይላል፤ መታወቂያው ሌላ ይላል። ከቃለ መጠይቅ እስከ ጋብቻ ድረስ እናቱ የወለደችበትን ዓመት ሲሸሽግ ይኖራል። ደግሞም በዕድሜው 16 የሆነ ሌላ ልጅ አለ፤ ቦታው የእርሱ ነበር። እኔን በዚህ ነገር ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ያ የማናውቀው ልጅ ነው። በአገራችን የታዳጊ እግር ኳስ ውስጥ ዕድሜ መቀነስን እንደ ብልጠት የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ከሕፃን መስረቅ ነው፤ ስሙን አላሳምርለትም።

አባትየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ልጄ በዕድሜው ይኑር» አሉ። ከዚያ ወዲህ እርሳቸውን ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው ሰላም የምላቸው። አንተም ለሳምንታት ዝም እንዳልኸኝ አውቃለሁ። መብትህ ነበር። በ18 ዓመትህ፣ በእውነተኛ ስምህና በእውነተኛ ዕድሜህ የሚፈልግህ ክለብ ሲመጣ ሻንጣህን ተሸክሜ እሸኝሃለሁ።

ስለ ፈተናው ብዙ አልልም፤ ሌሎች መምህራን በሚገባ ነግረዋችኋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3 ነጥብ 3፣ በ2015 ከመቶ 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ከመቶ 5 ነጥብ 4 ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር የአንድ ልጅ ስንፍና አይደለም፤ መጽሐፍ የጎደለበት፣ መምህር የጎደለበት፣ ቤተ ሙከራው የተቆለፈበት የብዙ ዓመት ዕዳ ነው፤ ደረሰኙን ግን ለ18 ዓመት ልጅ ሰጥተነዋል። እንዲህም ሆኖ «ኳስ ነው ያበላሻቸው» የሚል ድምፅ በየስብሰባው እሰማለሁ። አልቀበለውም። ጎሕ ሲቀድ ሜዳ የተገኘ ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ነቅቶ ይቀመጣል። ያለፋችሁ እልል በሉ። ያላለፋችሁ ደግሞ ከእኔ እንዳትሸሸጉ፤ በየዓመቱ መንገድ ላይ ሲያየኝ አቅጣጫ የሚቀይር ልጅ አለ፤ ያ ልጅ ከሽንፈት ሁሉ የበለጠ ያሳዝነኛል። ኑና እንመካከር፤ ድጋሚ መፈተንም አለ፣ የሙያ ኮሌጅም አለ።

ሌላው የአሰልጣኝ አደራ ነው። ከዚህ በኋላ ስትጫወቱ ፊሽካ የሚነፋላችሁ ሰው የለም። ከዶርም ወጥታችሁ፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቀጥታ ኳስ ላይ ትዘላላችሁ፤ ጉልበት የሚበጠሰው ያኔ ነው። ያ ሁላችሁም የምትጠሉት የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፊፋ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ያዘጋጀው ነው፤ ሩጫ አለው፣ በአንድ እግር መቆም አለው፣ ዝላይ አለው፤ በመደበኛነት የሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳት በግልጽ መቀነሱ በጥናት ታይቷል። ከዝላይ ስታርፉ ጉልበታችሁን ወደ ውስጥ አትስበሩት። ውኃ ከመጠማታችሁ በፊት ጠጡ። ራሱን ያመመውን፣ ግራ የገባውን ልጅ ከግጭት በኋላ ወደ ጨዋታ አትመልሱት፤ እርሱ «ደህና ነኝ» ቢልም።

መለያ ያልመለሳችሁ ሁለት ልጆች አላችሁ። የቁጥር 4ና የቁጥር 14 መለያዎችን የአሥራ አንደኛ ክፍሎች ይጠብቃሉ።

የመጨረሻው ነገር ጨዋታው ነው። ከፈተና በኋላ ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ በደረቁ የወንዝ አልጋ፣ እንድንጫወት ጠይቃችሁኛል። አይሆንም። እናንተ ያኔ አልተወለዳችሁም፤ እኔ ግን ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ያ ደረቅ አሸዋ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እዚሁ ነበርሁ። ድሬ ላይ ዝናብ ሳይጥል ከላይ ከደጋው የዘነበው ይመጣል። በክረምት አሸዋው ላይ አንጫወትም፤ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ጥበቃውን አነጋግሬዋለሁ፤ በሩን ይከፍትልናል።

የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ወደ ግቢ የምትገቡት በተለያየ ዙር ነው። ቀድማችሁ የጨረሳችሁ ሌሎቹን ጠብቁ፤ ግማሽ ቡድን ይዤ አላጫውትም። ሁለተኛው ዙር በተመለሰ ማግሥት፣ ጠዋት በ12 ሰዓት። ኳስ እኔ አመጣለሁ፤ ውኃ እናንተ። ግብ አስቆጥሮ የማያውቀው የቀኝ መስመር ተከላካያችን ያን ቀን የሚጫወተው አጥቂ ሆኖ ነው፤ ታኬታውን ወንድሙ እንዲለቅለት ከአሁኑ ንገሩት።