የሚጣ እግርና ፍርሃቷ፦ እስካሁን የደረስንበት

ጥንቸል የምታሳድጉ ወዳጆች፣ «ሚጣ እንዴት ሆነች?» ለምትሉኝ ይኸው። ሚጣ ከአገር የወጣ የማውቀው ሰው ትቶልኝ የሄደ ግራጫ ሴት ጥንቸል ናት። ስትመጣ ሁለቱም የኋላ እግሮቿ ከሥር ቆስለው ነበር። ሰው በአጠገቧ ካለፈ ደግሞ ግድግዳ እስክትገጭ ትሮጣለች። ብዙ ጊዜ ቁስሉን ለሐኪም፣ ፍርሃቱን ለጊዜ እንተወዋለን። እኔ ከሚጣ ያየሁት ግን ሁለቱ ተያይዘው የሚባባሱ መሆናቸውን ነው። አንዱን ትቶ ሌላውን ማዳን አይቻልም።

ከእግሩ ልጀምር። ጥንቸል እንደ ውሻና ድመት ከእግሯ ሥር ወፍራም መዳፍ የላትም። የሚከላከልላት ጸጉሯ ብቻ ነው። ጸጉሩ ከሳሳ ቆዳው በአጥንቱና በወለሉ መሃል ይጨመቃል፣ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ ይቆስላል። ሚጣ የኖረችው ወለሉ ሽቦ በሆነ ኬጅ ውስጥ ነው። ምግቧ ፉርሽካና ዳቦ ስለነበር ወፍራለች። ጥፍሯም ከመርዘሙ የተነሳ ጣቶቿ ወደ ላይ ተነስተው ክብደቷ ሁሉ ተረከዟ ላይ ወድቋል። ሽንት የነካው ምንጣፍ ደግሞ ቆዳውን ያላላዋል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስትመጣ የግራው እግር ቁስል ስፋቱ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ያህል ነበር። ዙሪያው ጸጉር አልነበረውም፣ ቆዳው ያብለጨልጭ ነበር፣ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ቅርፊት ነበረው። ቅርፊቱን እንዳትነቅሉት። ሐኪሙ በአብዛኛው የሚያክመው ከብትና ውሻ ቢሆንም በደንብ አይቶልናል፣ መግል መያዝ አለመያዙን በጣቱ እየነካ አረጋገጠ። የጥንቸል መግል እንደ ሌላው አይፈስም፣ እንደ አይብ ይረጋል። ስለዚህ «አፍርጠን እናውጣው» የሚባል ነገር አይሠራም። ወደ አጥንት ከገባ ደግሞ መመለሻው ከባድ ነው። በክብደቷ ልክ የሕመም ማስታገሻና ለጥንቸል የሚሆን አንቲባዮቲክ አዘዘልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን ለጥንቸል በአፍ እንዳትሰጡ። የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይገድልና ራሷን ይገድላታል። ለሰው የሚሆን ሁሉ ለእሷ አይሆንም። ቁስሉ ላይ አልኮል ወይም አረቄ ማፍሰስም ይቅር። እኛ የምናደርገው ከፋርማሲ በተገዛ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ጠረግ አድርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። እግሯን ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፣ ገላ ማጠብማ ጭራሽ አይታሰብም።

ከመድኃኒቱ በላይ ግን ለውጥ ያመጣው ወለሉ ነው። የሽቦ ኬጁን አስወጣሁት። የክፍሉን አንድ ጥግ አጥሬ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን ደረብኩ፣ በላዩ ላይ አቧራው የተራገፈ የጤፍ ጭድ ወፈር አድርጌ አነጠፍኩ። የረጠበውን በየጠዋቱ አወጣለሁ። በክረምት ጭዱ ራሱ እርጥበት ስለሚስብ ሳትሸናበት እንኳን መቀየር አለበት። ሸካራ የሆነ የፕላስቲክ ምንጣፍ ጸጉሩን እየፈተገ ይጨርሰዋል፣ አይሆንም። ፉርሽካውንና ዳቦውን ቀስ በቀስ ቀንሼ ድርቆሽ ቀኑን ሙሉ ፊቷ እንዲኖር አደረግኩ። አብዛኛው ምግቧ እሱ መሆን አለበት፣ ለሆዷም ለጥርሷም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ጥንቸል ስትደነግጥ በኋላ እግሯ መሬቱን በኃይል እየመታች ታጓናለች፣ ለዘመዶቿ «አደጋ አለ» ማለቷ ነው። ሚጣ ይህን የምታደርገው በቆሰለው እግሯ፣ በሲሚንቶ ላይ ነበር። ቁስሏ ሲያማት መሮጥ እንደማትችል ስለሚሰማት ይበልጥ ትፈራለች። ቁስሉን ለማየት ስንይዛት ደግሞ እኛን ትፈራለች። ከዚያ ትታገላለች፣ ትዘላለች፣ ቅርፊቱ ይላቀቃል። ዙሩ ይሄው ነው።

ጎረቤቴ እማማ አይተዋት «ልጄ፣ በጆሮዋ ብድግ አድርጊያት እንጂ፣ ምን ያታግልሻል!» አሉኝ። አገራችን ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ግን በጆሮ ማንሳት ያማታል፣ ያስደነግጣታልም። ጥንቸል አየር ላይ ሆና የኋላ እግሯን በኃይል ስትራገጥ የራሷን የጀርባ አጥንት ልትሰብር ትችላለች። የግድ ማንሳት ካለባችሁ አንድ እጅ ደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ መቀመጫዋ ሥር ሆኖ ወደ ሰውነታችሁ ማስጠጋት ነው። በጀርባዋ ማስተኛትም አለ፣ ያን ጊዜ ድርቅ ስትል «ተረጋጋች» ይሉታል። መረጋጋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው ያደረቃት።

እኔ ማንሳቱን ከናካቴው ተውኩት። ካርቶን ወስጄ በሁለት በኩል በር ቀደድኩለት፣ ምክንያቱም አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ ለእሷ ወጥመድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ስትገባ ማንም እጁን አይሰድም፣ የእህቴ ልጆችም ይህን ሕግ ያውቃሉ። ማታ ማታ መሬት ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ስልኬን አያለሁ፣ አልጠራትም። ዓይኖቿ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያዋን ታያለች ማለት ይቻላል፣ አፍንጫዋ ፊት ያለውን ግን አታየውም። ስለዚህ እጅ ቀጥታ ወደ አፍንጫዋ ሲመጣ ድንገት ይጠፋባትና ትደነግጣለች። ከጎን በኩል፣ በዝቅታ፣ በቀስታ ነው።

ትልቁን ድል ያመጣልን የድንብላል ቅጠል ነው። መጀመሪያ ከእጄ አጠገብ አስቀምጥላት ነበር፣ ከዚያ ከእጄ ላይ መውሰድ ጀመረች፣ ቆየት ብሎ ቅጠሉን ከፍ ሳደርገው የፊት እግሮቿን ጉልበቴ ላይ ጭና ትቆማለች። ስትለጠጥ የኋላ እግሯ ጎንና ተረከዟ ይታየኛል። ጋደም ብላ እግሯን ወደ ኋላ ስትዘረጋ ደግሞ ስልኩን መሬት ለመሬት አስጠግቼ ፎቶ አነሳለሁ። ሳልነካት የቁስሉን ለውጥ እከታተላለሁ ማለት ነው። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ነው ቅርፊቱ እየጠበበ መምጣቱን ያረጋገጥኩት።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት በረዶ ጣለ። ያለችበት ክፍል ኮርኒስ የለውም፣ በረዶው በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም። ስደርስ ጭዱን በትና ጥግ ውስጥ ተሸጉጣለች፣ ዓይኗ ፈጦ ነጩ ይታያል፣ ጆሮዋ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። የቀኙ እግር ደምቷል። በማግስቱ ጠዋት ድርቆሽ አልነካችም። ይህ ከቁስሉም በላይ አስፈራኝ፣ ምክንያቱም ጥንቸል ግማሽ ቀን ካልበላችና ፋንድያዋ ከቀነሰ አንጀቷ እየቆመ ሊሆን ይችላል፣ «ነገ አየዋለሁ» አይባልም። ያኔውኑ ለሐኪሙ ደወልኩ። እንደ እድል የሕመም ማስታገሻዋን ከወሰደች በኋላ ካሮት ቅጠል ቀመሰች፣ ከሰዓት ላይ ድርቆሹን ያዘች። ከዚያ ወዲህ ኮርኒስ ወዳለው ክፍል አዛውሬአታለሁ። ዝናብ ሲመጣም ካርቶኗ ላይ ብርድ ልብስ እደርባለሁ።

ዛሬ ያለችበት ይህ ነው። የግራው እግር ጸጉር ማብቀል ጀምሯል። የቀኙ ቆዳ ድኗል፣ መሃሉ ግን ጠንክሮ ራሰ በራ ሆኖ ቀርቷል። ሐኪሙ እንደዚያ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ነግሮኛል፣ እስካልቀላና እስካልተሰነጠቀ አያሳስብም። መሬት ማጓኑን አልተወችም፣ ውሻ ሲጮህ አሁንም ታደርገዋለች፣ ግን ጭድ ላይ ነው፣ ሮጣም ካርቶኗ ውስጥ ትገባለች እንጂ ግድግዳ አትገጭም።

ያልተፈታልን ጥፍሯ ነው። ከፊት አሥር፣ ከኋላ ስምንት፣ በድምሩ 18 ጥፍር አላት፤ በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ መቆረጥ አለበት። ለጊዜው እህቴ በፎጣ ጠቅልላ ትይዝልኛለች፣ እኔ በስልክ መብራት የደም ሥሩን እያየሁ ጫፍ ጫፉን እቆርጣለሁ። ከደማ ስታርች ወይም ፉርኖ ዱቄት ይዞ መጫን ያቆመዋል። በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ለመጨረስ አልሞክርም፣ አንድ እግር ቆርጬ ድንብላሏን ሰጥቼ እለቃታለሁ። ያለ ፎጣ ማስለመድ የቻላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ፣ በተለይ የኋላ እግሩን።