ሐረጎ ላይ የቆመው ፒክአፕ

የምሠራው ደሴ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ መካኒክ ነኝ። ከምጠግናቸው መኪኖች ሁለቱ ሰውን ሲያከራክሩ ይውላሉ። አንዷ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሠራው 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ሞተር አላት። ሌላው ኮመን ሬል የሚባለው፣ የናፍጣ አረጫጨቱን ኮምፒውተር የሚያዝዘው ሞተር ያለው ፒክአፕ ነው። የላንድክሩዘሯ ሾፌር ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። የፒክአፑ ሾፌር ገና ወጣት ነው።

ክረምት ነበር፣ ናፍጣም ጠፍቶ ማደያዎች ላይ ሰልፉ አይጣል ነበር። ግቢያችን ውስጥ ግን በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ስለነበረ ሁለቱንም ከእሱ ሞልተው ኮምቦልቻ ላኳቸው፣ ዕቃ ሊያመጡ። ቁልቁለቱን በሰላም ወረዱ። ጭነው ሲመለሱ ግን በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሳያጋምሱ ፒክአፑ አቅም አጣ። ነዳጅ ሲረግጥበት አይሰማም፤ የሞተር መብራት በራ፤ ትንሽ ተንፏቀቀና ጠፋ። ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ እየለቀቁ ከኋላ ደረሱበት። ገመድ አስረው ጎትተው ደሴ አስገቡት።

ከዚያ በኋላ የተወራውን ተዉት። «ድሮ መኪና ቀረ!» ያላለ የለም። አንድ ኃላፊማ አዲሶቹን ሸጠን አሮጌ እንግዛ እስከማለት ደረሱ።

የፒክአፑን የናፍጣ ፊልትሮ ከሥሩ ፈትቼ በግማሽ በተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ ተቀበልኩት። ትንሽ ሲረጋ ቢጫው ናፍጣ ላይ ቀረ፣ ከሥር የተኛው ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ የበርሜል ዝገት እንደ ቡና አተላ ዘቅጧል። ልጁን ሳየው ጭንቅ ብሎታል።

«ጋሼ ከመድረሳቸው በፊት አንዲት ቢጫ መብራት በርታ ነበር» አለኝ። «ጠዋትም በርታ ጠፍታለች። ምንም አልመሰለችኝም።»

ናፍጣ ውስጥ ውሃ አለ የምትለው መብራት ናት።

«የጋሼን ፊልትሮ ልክፈት» ስል ሽማግሌው አልወደዱትም። «አንተ ልጅ፣ የሚሄድ መኪና ምን አድርጎህ ነው የምትበትነው?» አሉ። ለምኜ ከፈትኩት። ያው ውሃ፣ ያው ዝገት። እሷም እኮ ያቺ መብራት ነበራት፤ አምፖሏ መቼ እንደተቃጠለ የሚያውቅ እንኳ አልተገኘም።

አሮጌው ሞተር ለምን ሄደ? ፓምፓው ሜካኒካል ነው፤ ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል የሚከፈተው 150 ባር ገደማ ግፊት ላይ ነው። ቆሻሻ ቢያልፍበት ይንተከተካል፣ ያጨሳል፣ ይሄዳል። «ግፊቱ ልክ አይደለም» ብሎ የሚያቆመው ኮምፒውተር የለውም፤ ዝም ብሎ ይበላሻል። በኮመን ሬል ግን ናፍጣው ሬል በሚባለው ቱቦ ውስጥ ታምቆ ይጠብቃል፣ ሞተሩ ሲከብድበት ግፊቱ ከ1,500 ባር ይበልጣል፤ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጄክተር የሚከፍተውም የሚዘጋውም በኤሌክትሪክ የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው። የውስጡ ክፍተት የሚለካው በማይክሮን፣ በሚሊሜትር ሺሕኛ ነው። ናፍጣ ለነዚህ ብረቶች ዘይታቸውም ነው፣ ውሃ ግን አያለሰልስም። ግፊቱ ከታዘዘው ሲጎድል ኮምፒውተሩ ኃይል ይቀንሳል፣ ካልሆነለትም ያጠፋል። እንግዲህ ሰው «ደካማ» ያለው ይኼንን ነው።

ሐረጎ ላይ ላንድክሩዘሯ የለቀቀችው ጥቁር ጭስ ሌላ ጣጣ ነው። አየር አምቆ የሚያስገባላት ቱርቦ የላትም፤ ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ፓምፓዋ ግን ያንኑ ናፍጣ ይረጫል፤ አየር ያጠረው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ይወጣል። ፒክአፑ ጤነኛ ሲሆን ያንን ዳገት በግማሽ ሞተር እያፏጨ ነው የሚወጣው፤ ናፍጣም ይቆጥባል። (ጋሼ ይኼን ስነግራቸው ሁሌ ሌላ ወሬ ያነሳሉ።)

የፒክአፑ ታንክ ታጠበ፣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ ሁለት ኢንጄክተር ተገዛለት። ኢንጄክተሩ ላይ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካልገባ ሞተሩ ተስተካክሎ ስለማይሠራ ማሽን ያለው ባለሙያ እስኪመጣ ቆመ። አዲስ መኪና እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው፤ ብሎን በመፍታት ብቻ አያልቅም።

ላንድክሩዘሯስ? መስከረም ሲጠባ፣ በደሴ የማለዳ ብርድ አልነሳ ማለት ጀመረች። ጋሼ «ማሞቂያ ካንዴላዋ ነው» አሉ፣ ካንዴላው ተቀየረ። ባትሪ ነው ተባለ፣ ባትሪም ተቀየረ። ሞተሪኖዋ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን እያስነሳች ሰነበተች። በመጨረሻ ፓምፓው ወርዶ ተፈታ፤ ናፍጣውን የሚገፋውን የውስጡን ብረት፣ ፕለንጀሩን፣ ዝገት ነክሶታል፣ ኖዝሎቹም መርጨት ትተው ያንጠባጥባሉ። ያ በርሜል ሁለቱንም መትቷቸዋል፤ አንዱ እዚያው መንገድ ላይ ተናገረ፣ አንዷ ዋጥ አድርጋ ቆየች። ጋሼ ፓምፓውን በእጃቸው አገላብጠው አይተው፣ «ዕድሜዋ ነው እንጂ» ብለው ወጡ።

በርሜሉን ሄጄ አየሁት። ቆርቆሮ የሌለበት ቦታ፣ ክዳኑ ወደ ላይ ሆኖ ቆሟል። ክረምት ዝናቡ ጭንቅላቱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ይጠራቀማል። ቀን ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይነፋና በክዳኑ ጥርስ ይወጣል፤ ማታ ሲበርድ ይኮማተርና አየር ይስባል፣ አየር ሲስብ ላዩ ያቆረውንም ውሃ ይዞ ይገባል። ክዳኑ ጠብቆ ቢታሰር እንኳ አይቀርም። ግምጃ ቤቱን የያዘችው እህት በርሜል እንደዚህ እንደሚተነፍስ ሰምታ አታውቅም፤ ማንም ነግሯት አያውቅማ።

አሁን በርሜሎቹ ሣንቃ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል፣ ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን በአንድ መስመር፣ ከናፍጣው በታች ሆነው፤ እንደዚያ ሲሆን ክዳኑ የሚስበው አየር አያገኝም። ከመቅዳታችን በፊትም አንድ ቀን እናረጋዋለን፣ የሥሩን አንነካም። የላንድክሩዘሯን ቢጫ መብራትም አምፖል ገዝቼ አስገባሁላት። ጋሼ በማግስቱ «ይቺ ነገር ዓይኔ ላይ ታበራለች» ብለው ሊያስነቅሉኝ መጡ። መቼ እንደበራች ጠየቅኋቸው። ጠዋት ከማደያ ቀድተው ሲወጡ ነው አሉኝ። ፊልትሮውን ፈታሁት፤ ሩብ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ወጣ።

ከማደያ የመጣ ውሃ ነው ብዬ ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።