የሁለት ቀን የቼዝ ውድድር አዘጋጀሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ውጤት መመዝገቡ ነበር

ቅዳሜና እሁድ የቼዝ ውድድር አዘጋጅቼ ጨረስኩ። 21 ተጫዋች፣ 5 ዙር፣ ቅዳሜ ሦስት፣ እሁድ ሁለት። ከመጀመሬ በፊት ያስጨነቀኝ በቂ ቦርድና ሰዓት ከየት አገኛለሁ የሚለው ነበር። እሱ በውሰት ተሟላ። ፋታ የነሳኝ ጭራሽ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ ውጤት መሰብሰብ፣ መመዝገብና ማሳወቅ።

መጀመሪያ ስለ አጨዋወቱ። 21 ሰው ሁሉም ከሁሉም ይጫወት ቢባል 21 ዙር ይፈጃል። ጥሎ ማለፍ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሰው አንዴ ተሸንፎ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤቱ ነው። ስለዚህ ስዊዝ ሲስተም መረጥኩ። ማንም አይሰናበትም፣ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ ሁለት ሰው ሁለት ጊዜ አይጋጠምም። 5 ዙር እስከ 32 ሰው ይበቃል፤ ሁሉንም እያሸነፉ የሚቀጥሉት በየዙሩ በግማሽ እየቀነሱ ሄደው መጨረሻ ላይ ከአንድ በላይ አይቀርም።

ሰዓቱን ለየተጫዋቹ 25 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው 10 ሰከንድ ጭማሪ አደረግኩ። እዚህ ላይ ልሳሳት ነበር። 25 እና 25 ደምሬ 50 ደቂቃ ነው ብዬ በየሰዓቱ አንድ ዙር ልይዝ ስል አንድ ጓደኛዬ ጭማሪውን ረሳኸው አለኝ። እውነቱን ነው። ጨዋታው 60 እንቅስቃሴ ከሄደ ጭማሪው ብቻውን ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር 70 ደቂቃ ማለት ነው። ለአንድ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል መደብኩ፣ ሁለቱንም ቀን አልዘገየንም።

ቅዳሜ ጠዋት ከተመዘገቡት 22 ሰዎች አንዱ ቀረ። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን በየዙሩ አንድ ሰው ተጋጣሚ ያጣል፤ ሳይጫወት 1 ነጥብ ይሰጠዋል። ይህ ዕድል ዝቅተኛ ነጥብ ላለው ነው የሚሰጠው፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ሁለቴ አይደርስም። ይህን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለሁሉም ተናግሬ ስለነበር ማንም ቅር አላለውም።

ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ልጅ ወታደሩን መጨረሻው መስመር ላይ አደረሰ፤ እዚያ የደረሰ ወታደር ወደ ንግሥት ሊለወጥ ይችላል። ትርፍ ንግሥት አጠገቡ አልነበረም። የተበላውን ሩክ (የግንብ ቅርጽ ያለውን ጠጠር) ገልብጦ አስቀመጠና ሰዓቱን መታ። ተጋጣሚው እጁን አወጣ። ሄጄ አየሁት፤ ሩኩ በአናቱ ቆሟል፣ ልጁ “ንግሥት ነው” ይለኛል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የተገለበጠ ሩክ ሩክ ነው። ማድረግ የነበረበት ሰዓቱን አቁሞ ዳኛ ጠርቶ ንግሥት መጠየቅ ነበር። ሩክ ነው ብዬ ወሰንኩ። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እኔም አንጀቴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔም ነበር። ከዚያ ዙር በኋላ እያንዳንዱ ቦርድ አጠገብ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር ትርፍ ንግሥት አስቀመጥኩ። ውድድር የምታዘጋጁ ከሆነ ይህን ከጠዋቱ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ መጥታ “ጋሼ፣ አንድ ለዜሮ” አለችኝ። ቦርድ 4 ላይ 1 ለ 0 ብዬ ጻፍኩ። በቼዝ ግን ውጤት ሲጻፍ የሚቀድመው የነጩ ነው። እሷ በጥቁር ነበር የተጫወተችው፣ አሸንፋ ነው አንድ ለዜሮ ያለችኝ። እኔ የእሷን ነጥብ አንስቼ ለተጋጣሚዋ ሰጠሁት። እሁድ ጠዋት አራተኛው ዙር ከተጀመረ አሥር ደቂቃ በኋላ ግድግዳው ላይ ከለጠፍኩት ወረቀት ፊት ቆማ፣ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ አየኋት። የተጋጣሚዋ ተራ ስለነበር ነው የተነሳችው። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ትናንት አሸንፌያለሁ” አለች፣ ቀስ ብላ። የትናንት ተጋጣሚዋን ጠየቅኩት። “አዎ፣ እሷ ናት ያሸነፈችው” አለ ሳያቅማማ።

ምን ላድርግ? ድልድሉ የተሠራው በተሳሳተ ነጥብ ነው፤ እሷ ከሚገባት ቀለል ያለ ተጋጣሚ ደርሷታል፣ ልጁ ደግሞ ከበድ ያለ። አሥሩንም ጨዋታ አቁሜ እንደገና መደልደል ሌላውን ሁሉ መበደል ሆነብኝ። ዙሩ እንዲቀጥል አደረግኩ፣ ነጥቡን አረምኩ፣ የመጨረሻውን ዙር በትክክለኛው ነጥብ ደለደልኩ። ሁለቱንም ልጆች በወላጆቻቸው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩ። ለአምስተኛው ዙር የቦርድ ቁጥር፣ የነጭ ስምና የጥቁር ስም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ለየቦርዱ አዘጋጀሁ። ያሸነፈው ስም ይከበባል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ያለ ሁለት ፊርማ አልቀበልም። በቃል የተነገረኝን ውጤት ዳግመኛ አልጽፍም።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች እኩል 4 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። እርስ በርስ አቻ ወጥተዋል። በቡክሆልዝ ለየኋቸው፤ ማለትም የእያንዳንዳቸው ተጋጣሚዎች ያገኙት ነጥብ ተደመረ፣ 15.5 ያለው 14 ያለውን በለጠ። ጠንካራ ሰዎች የገጠሙትን የሚያስቀድም ስለሆነ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ማለያውን አስቀድሜ አልተናገርኩም ነበር። ሁለተኛ የወጣው ሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል ወረቀቱ ላይ አብሮኝ ደመረ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬው ደመርኩ። ያ ግማሽ ሰዓት ግን ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊቀር ይችል ነበር።

ውጤቱን እሁድ ማታውኑ አጋራሁ። መጀመሪያ የወረቀቱን ፎቶ ነበር የላክሁት፤ ደብዝዞ ማንም ሊያነበው አልቻለም። ቁጭ ብዬ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ደረጃ፣ ስም፣ ነጥብ፣ ቡክሆልዝ፣ ከዚያ በየዙሩ ከማን ጋር እንደተጫወተ። “7ነ1” ማለት ከ7ኛው ተጫዋች ጋር፣ በነጭ፣ 1 ነጥብ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው ውጤቱን ራሱ ሊያጣራው ይችላል። የልጆችን ሙሉ ስም ወላጅ ሳይፈቅድ አልጻፍኩም፤ የራሳቸውን ስምና የአባታቸውን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ። ከአንደኛው ቦርድ ደግሞ ተጫዋቾቹ በፈቃዳቸው የመዘገቡትን ሁለት ጨዋታ አያያዝኩበት፤ ሰው ከሰንጠረዡ ይልቅ ስለ እነሱ ነው ሌሊቱን ሲከራከር ያደረው።

ሰኞ ጠዋት የዚያች ልጅ አባት መልእክት ላከልኝ። ነጥቧ አሁን ትክክል ነው አለ፣ አመሰገነ። ስሟ ግን በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው፣ አንተ በፀሐዩ ፀ ጽፈኸዋል። አስተካክዬ መልሼ ላክሁት።