የስኬት ጫማ

ስኬት ስላችሁ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ፣ ሹመት፣ ቪላ ቤት አይደለም፤ ከሥሩ ጎማ የተደረደረበት ጫማ ነው። በፊደላችን ሲጻፍ ከዋናው ስኬት ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ምን ላድርግ? ባለፈው ለጓደኛዬ «እሁድ ጠዋት አልመችም፣ ስኬት ላይ ነኝ» ብዬ ቴክስት ባደርግለት «አሜን፣ ይጨምርልህ» ብሎ መለሰልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማርኩት ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ነው። ኢንስብሩክ ኖሮ ስኪ፣ ማለትም እግር ላይ ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት፣ ያልሞከረ ማለት ባሕር ዳር ኖሮ ጣናን ያላየ ማለት ነው። ሞከርኩ፣ ወደቅኩ፣ ደግሜ ወደቅኩ፣ ከዚያ ሱስ ሆነብኝ። አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። በዓመት አንዴ፣ የካቲት ገደማ፣ ለሥራ ወደዚያ ብቅ እላለሁ፤ ከስብሰባው ጎን አራት ቀን እሰርቅና ተራራ እወጣለሁ። በዓመት አራት ቀን! በዓመት አራት ቀን ብቻ ክራር የሚነካ ሰው መቼ ነው የሚለምደው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አምና የማውቀውን በማስታወስ ያልቃሉ፣ በሦስተኛው ይቀናኛል፣ በአራተኛው ሻንጣ እሸክፋለሁ።

ይህን ለሰው ማስረዳት ራሱ ሥራ ነው፣ ቋንቋችንም አያግዝም። «ክረምት ክረምት ስኪ እጫወታለሁ» ብል ሰው ሐምሌ ላይ ዝናብ ውስጥ የምንሸራተት ነው የሚመስለው። የነሱ ክረምት የኛ በጋ ነው። በረዶም እንደዚያው፤ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ ተራራ ላይ የተነጠፈውም ለኛ ያው በረዶ ነው። እናቴ መጀመሪያ የነገርኳት ቀን «ጠጠሩ እግርህን አይወጋህም?» ነበር ያለችኝ። የሚያናድደው ደግሞ ከፍታ አጥተን አለመሆኑ ነው። ኢንስብሩክ አጠገብ ያለው የሽቱባይ ግግር በረዶ ላይ ከጫፍ ያለው መመልከቻ 3,210 ሜትር ላይ ነው። እንጦጦም 3,200 አካባቢ ነው። ቁመታቸው እኩል ሆኖ አንዱ ላይ በረዶ፣ አንዱ ላይ ባሕር ዛፍ። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ፈቀቅ ብለናል፣ እነሱ 47፤ በቃ ይኸው ነው።

ስለዚህ በረዶ በሌለበት አዲስ አበባ ለስኪ የምለማመደው በስኬት ጫማ ነው። በጎማ መለማመድ ግን የኔ ፈጠራ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ባለ ጎማ ስኪ አድርጎ እዚሁ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ተወዳደረ። የሱ ግን አገር አቋራጭ ነው፤ ሩጫ ነው፣ ሳንባ ነው። የኔ ቁልቁለት ነው። ለቁልቁለት የሚቀርበው አራት ጎማ በአንድ መስመር የተሰለፈበት ጫማ ነው። ጫማውም ቢሆን ዘመናዊ መልኩን ያገኘው በዚሁ ችግር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ወንድማማች የሆኪ ተጫዋቾች በረዶ በማይኖርበት ወቅት ለመለማመድ ብለው ነው የሠሩት።

አሁን ወደ ካርቪንግ፣ ማለትም ስኪውን ወደ ጎን ሳይገፉ በጠርዙ አጋድሎ ወደ መታጠፉ ዘዴ። የስኪን እንጨት (እንጨት እላለሁ እንጂ ስንት ነገር ነው ያለው) ከላይ ብታዩት ወገቡ ቀጭን፣ አፍንጫውና ጭራው ሰፋ ያለ ነው። በጠርዙ ስታጋድሉትና ክብደታችሁን ስትጭኑበት እንደ ደጋን ይለመጣል፣ የተለመጠውን ተከትሎም ራሱ ይታጠፋል። እናንተ አታዞሩትም። የድሮ ስኪ ወገቡ እምብዛም አይታወቅም ነበር፣ ርዝመቱም ሁለት ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤላን የተባለው የስሎቬኒያ ስኪ ሠሪ ኤስ.ሲ.ኤክስ. የሚባል ወገበ ቀጭን ስኪ ካወጣ በኋላ ነው ነገሩ ለኔ ቢጤው የተቻለው። የኔ 165 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጭራው ላይ «13 ሜትር» ይላል። ዝም ብሎ የሚታጠፍበት ክብ ሬዲየሱ ነው። 45 ዲግሪ ካጋደላችሁት ወደ 9 ሜትር ይጠባል፣ 60 ከደፈራችሁ ወደ 6 ተኩል። 60 የሚደፍሩትን ሳያቸው ዳሌያቸው መሬት የነካ ነው የሚመስለኝ።

በትክክል ከሠራችሁት በረዶው ላይ የሚቀረው ሁለት ቀጫጭን መስመር ነው፣ በምላጭ የተተለተለ ይመስል። ካልሠራችሁት በመጥረጊያ የተጠረገ የሚመስል ሰፊ ፋቃ ይቀራል። እኔ ለዓመታት ካርቪንግ እሠራለሁ እያልኩ ስጠርግ ነው የኖርኩት። አላውቅም ነበር። በረዶ ይሸፍናችኋል፤ ፍጥነቱ ሲያስፈራኝ ጭራውን በተረከዜ ገፋ፣ ፈቅ ፈቅ፣ ቀጥ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል እኮ፣ በረዶ ይበተናል፣ ፎቶም ያስነሳል።

ጎማ ግን አይሸፍንም። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ወደ ጎን አይሄድም። ጭራ ልግፋ ብትሉ የሚገፋ የለም፣ ትተከሉና ትገለበጣላችሁ። ያላችሁ ምርጫ ማጋደል ብቻ ነው። ፍጥነት የምትቀንሱትም መታጠፉን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ሄዳችሁ፣ ዳገቱን ትንሽ ቀና እስክትሉ ድረስ ጠብቃችሁ ነው። የመጀመሪያ ቀን መስቀል አደባባይ ላይ ይህን ሳላውቅ እንደ ልማዴ ተረከዜን ገፋሁ። ክርኔ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን አለ።

መስቀል አደባባይ ለጀማሪ ይመቻል፣ ሜዳው ሰፊና ለጥ ያለ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ ከሚሮጡት በስተቀር ማንም አያስቸግርም። አሸዋ የሞላሁበት ሃይላንድ ስምንት አለኝ፣ በአራት በአራት ሜትር እደረድራቸዋለሁ። ውጪ ባለው እጄ የውጪውን ጉልበቴን እየነካሁ በመካከላቸው እታጠፋለሁ። ይህ ልምምድ ክብደትን ወደ ውጪው እግር ያመጣል፤ ወደ ግራ ስትታጠፉ ቀኝ እግር፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ግራ። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጄ ፊት ለፊት ይዤ እደግመዋለሁ። እንጨቱ ማዘንበል የለበትም፣ እግር ሲያጋድል ትከሻ ውሃ ልክ ሆኖ መቅረት አለበት። አንድ ጠዋት እስጢፋኖስ ተሳልመው የሚመለሱ አንዲት እናት ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጎንበስ ቀና ስል ቆመው አዩኝና «እሰይ የኔ ልጅ፣ በጎማም ይሰገዳል?» አሉኝ። ምን ይመለሳል? «ይጸልዩልኝ» ብዬ አለፍኩ።

አደባባዩ ላይ ከኔ በጣም የተሻሉ ልጆች አሉ። ማንም አላስተማራቸውም፣ ጫማው የውሰት ነው፣ አንዱ ጎማ ከሌላው ያነሰ ነው፣ ግን ወደ ኋላ ሲሄዱ እኔ ወደ ፊት ከምሄደው ይፈጥናሉ። አንዱ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ለሳምንታት አይቶኝ አይቶኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ግራ እግርዎን ይፈሩታል።»

«ኧረ አልፈራም።»

«ይፈራሉ። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ቶሎ ያነሱታል።»

ስቄ ተውኩት። ስለ ስኪ ምን ያውቃል ብዬ።

ቁልቁለት ሲያምረኝ ቸርችል አለላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፣ ከማዘጋጃ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን አልመክርም፣ እኔም አልሞከርኩትም፣ ያ ነፍስ ይጠይቃል። ከፖስታ ቤት ወደ ላጋር ያለው ለስለስ ይላል። እሱንም መኪና ሲዘጋ ብቻ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሁድ መንገድ ለመኪና መዝጋት ሲጀመር እንደኔ የተደሰተ ያለ አይመስለኝም። ሄልሜት፣ የጉልበትና የእጅ አንጓ መከላከያ የግድ ነው፤ በተለይ አንጓ፣ ሰው ሲወድቅ የሚቀድመው እጁ ነውና።

እዚህ ጋ ሐቁን ልናገር፦ ጫማው ሁሉንም አያስተምርም። አይለመጥም፣ አጭር ነው፣ ከፊታችሁ የሚይዛችሁ አፍንጫ የለውም። ስኪ ላይ ቅልጥምን ወደ ፊት መጫን ያዋጣል፣ እዚህ ግን ካበዛችሁት በአፍንጫችሁ ነው። ሚዛን ለመጠበቅ የውስጠኛውን እግር ግማሽ ጫማ ያህል ማስቀደምም ያስፈልጋል፣ ይህንን በረዶ ላይ አብዝታችሁ ከወሰዳችሁት ደግሞ መጥፎ አመል ይሆናል። የሚያስተምረው የሰውነትን ድርሻ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት መጀመርን፣ አለመቸኮልን።

ትልቁ ጠላት ግን ዝናብ ነው። ኦስትሪያ ስኪ በማይኖርበት ወቅት፣ ማለትም ልምምድ በሚያስፈልገኝ ሰዓት፣ እዚህ ሰኔ ይገባል። እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ይከዳል፣ ጭቃው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ በሳምንቱ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በላምባ አጥቤ፣ አድርቄ፣ የሲንጀር ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ሲሞት ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ፤ ቁጥሩ 608 ነው፣ ትንንሽ ሞተር ላይ የሚገባው ዓይነት። ነጋዴው «የምን ማሽን ነው?» አለኝ። «የእግር» አልኩት። አስራ ስድስት ቆጥሮ ሲሰጠኝ ቀና ብሎም አላየኝ።

ኩሽኔታ ሲነሳ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ራስ መኰንን ድልድይ አካባቢ ነው ያደግኩት፣ ያን ቁልቁለት በኩሽኔታ ጋሪ ያልወረደ ልጅ አልነበረም። ጣውላ፣ ሦስት ኩሽኔታ፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለ። አንድ ቀን ከግንብ ጋር ተላተምኩና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ወጌሻ አሸኝ፣ ዳነ፣ ተረሳ።

ዘንድሮ የካቲት አራተኛው ቀን ላይ፣ በማለዳ፣ ማንም ባልነካው በረዶ ላይ ወረድኩና በወንበር ሊፍቱ ተመልሼ ስወጣ የራሴን ዱካ ከላይ አየሁት። ወደ ግራ የታጠፍኩበት ሁሉ ሁለት መስመር፣ ጥርት ያለ፣ በምላጭ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ወደ ቀኝ የታጠፍኩበት ሁሉ መጥረጊያ። ግራ፣ መስመር፤ ቀኝ፣ መጥረጊያ፤ እስከ ታች ድረስ እንዲሁ። የተሰበረው ግራዬ ነበር።

ስመለስ ልጁን ፈልጌ ነገርኩት። «ነግሬዎት ነበር እኮ» አለና ጫማዬን ለአንድ ዙር ተዋሰኝ፣ አርባ ደቂቃ ቆየበት።

አሁን ነሐሴ ነው፣ ጫማው በር ጀርባ ተሰቅሏል። ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ በግራ እግሬ ብቻ እቆማለሁ። ባለቤቴ «ሽመላ» ትለኛለች። ትናንት ሁለት ደቂቃ ሞላሁ፣ ዛሬ ግን መታጠቢያውን ይዣለሁ።