እጄን ከማዕድ የሸሸግኩባቸው ዓመታት

መጀመሪያ የወጣው ቀኝ እጄ ላይ ነው። ሌባ ጣቴ አንጓ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ። እንደ ፈረንጆቹ 2017 ነበር፤ ብርዱ ሊገባ ሲል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በደባልነት እንኖር ነበር። ዕቃ ሳጥብ አየኋት። በረኪና ነክቶኝ ነው አልኩ። ቫዝሊን ቀብቼ ተውኳት። ለጥምቀት ሦስት ጣቶቼ ላይ ነበረች። ለፋሲካ አገጬ ላይ ደረሰች።

ስሙ አልጠፋኝም። ለምጥ። ግን ጮክ ብዬ ልጠራው አልቻልኩም። አዲስ አበባ ባደግኩበት ሰፈር "ለምጣም" ከባድ ስድብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሰማሁትም አለ። የሙሴ እህት ማርያም ወንድሟን አምታ ለምጽ ወጣባት። ግያዝ ለገንዘብ ብሎ ዋሸና የንዕማንን ለምጽ ወረሰ። ማታ ማታ ተኝቼ ኃጢአቴን እቆጥር ነበር። ማንን አማሁ? ማንን ዋሸሁ?

ከሁሉም የባሰው "ሥጋ ደዌ ይሆን እንዴ?" የሚለው ፍርሃት ነው። ልጅ ሆኜ ዘነበወርቅ አካባቢ ዘመድ ነበረን። በአለርት ሆስፒታል በኩል ስናልፍ ጣታቸው ያለቀ ሰዎች አያለሁ። ያ በሽታ የያዘው ቆዳ እንደሚደነዝዝ የሆነ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በሩን ቆለፍኩና ነጩን ቆዳ በመርፌ ወጋሁት። አመመኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስኩ። ሥጋ ደዌም ቢሆን እኮ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ያኔ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። መጠየቅ ማለት ማሳየት ነዋ።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ከስድስት ወር በኋላ ነው። የቆዳ ሐኪሟ ክፍሉን አጨልማ በትንሽ ሐምራዊ መብራት እጄን አየችው። ነጩ ቦግ ብሎ በራ። "ቪቲሊጎ" አለችኝ። ቃሉን አላውቀውም። ስላላወቅኩት ቀለለኝ። ስድብ የለበትም፣ ኦሪትም የለበትም።

አስረዳችኝ። ለቆዳ ቀለም የሚሰሩ ሴሎች አሉ። የሰውነቴ መከላከያ እነሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመንካት አይደለም፣ በመብላት አይደለም፣ በትንፋሽም አይደለም። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል፤ ጥቁሩንም ነጩንም፤ እኛ ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። ከታይሮይድ ችግር ጋር አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ደም ሰጠሁ። ቆዳዬን እንዳላክ፣ እንዳልፍቅ ነገረችኝ። የተጫረ ወይም የተቆረጠ ቦታ ላይ አዲስ ነጭ ሊወጣ ይችላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አዘዘችልኝ። ያ የፈረንጅ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ይሄን ሁሉ አውቄ ወጣሁ። ማወቄ ግን በሚቀጥለው እሁድ አልጠቀመኝም።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ምግብ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ሽሮ እያወጣሁ አንዲት የማከብራቸው እናት አጠገቤ መጡ። "ልጄ፣ እጅሽን ምን ነካሽ? በይ ዛሬ ሌላ ሰው ያንሳ" አሉና ጭልፋውን ቀስ አድርገው ወሰዱት። ክፋት አልነበረባቸውም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። እኔ ነጠላዬን እጄ ላይ ጠቀለልኩና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም እጄን እንዲመልሰው አልጠበቅኩም። ቀድሜ ራሴ መለስኩት። ቤት ውስጥ ለብቻዬ ሳህን አወጣሁ። እንጀራ በሹካ መብላት ለመድኩ። ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ጠቅልላ "እንኪ" ስትለኝ "ጉንፋን ይዞኛል" እላለሁ። ሌላ ቀን "ጠግቤያለሁ" እላለሁ። እኔም ማጉረስ ተውኩ። እንዲህ ሁለት ዓመት ተቀመጥንና "ሥራዬ ራቀኝ" ብዬ ለብቻዬ ስቱዲዮ ተከራየሁ። ሥራዬ ግን አልራቀም ነበር።

የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው። አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ጓንት የሥራ ሕጉ ስለሆነ ማንም "ለምን?" አይለኝም። ቀኑን ሙሉ በጓንት ስውል ሰላም አገኛለሁ። ይሄን መናገር ይከብደኛል፤ በ2020 ኮሮና ሲመጣና ሰው ሁሉ ማስክና ጓንት ሲያደርግ እፎይ ብያለሁ። እነዚያ የምወዳቸው ሽማግሌዎች ያለ ልጆቻቸው በመስኮት እየተሰናበቱ፣ እኔ አገጬ ስለተሸፈነ ቀለል ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናቴ ጋ ስደውል "ካሜራው ተበላሽቷል" እላለሁ። እሷም "የአሜሪካ ስልክ ይበላሻል እንዴ?" ትላለች። አንድ ቀን ተሳስቼ ነካሁትና እጄ ስክሪኑን ሞላው። ዝም አለች። ዝም አልኩ። "ልጄ፣ ይሄ መቼ ወጣብሽ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው እማዬ።"

"ሁለት ዓመት ብቻሽን?"

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ስልኩን ለእህቴ ሰጥታ ሄደች። በወሩ፣ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ ከሸንኮራ ዮሐንስ በሃይላንድ ጠርሙስ ጸበል፣ በትንሽ ፌስታል እምነት፣ በሌላ ፌስታል ደግሞ የደረቀ እንሶስላ ላከች። ጸበሉን ጠጣሁ፣ እምነቱን ተቀባሁ። ሐኪሟ ያዘዘችውንም አላቋረጥኩም። ሁለቱ እኔ ላይ ተጣልተው አያውቁም። እንሶስላውን ሞቅሁት። ጠይሙ ላይ ጠቆር አለ፣ ነጩ ላይ ደምቆ ቀላ። ድንበሩ የባሰ ጎላ። ግን ሳምንቱን ሙሉ የእናቴ ቤት ሽታ ከእጄ አልጠፋም። አላጠብኩትም።

የንስሐ አባቴን ፈርቼ ቆይቼ ጠየቅኳቸው። "አባ፣ ለምጽ ቅጣት ነው እንዴ?" ኦሪት ዘሌዋውያንን ገለጡ፤ ምዕራፍ 13። ለምጹ ገላውን ሁሉ ከሸፈነውና ሁለመናው ነጭ ከሆነ፣ ካህኑ "ንጹሕ ነው" ይበለው ይላል። ብዙ ጊዜ ቅዳሴ ቆሜያለሁ፤ ይሄን ሰምቼ አላውቅም። "እዚያ የተጻፈው ለምጽና የዛሬው ያንቺ በሽታ አንድ ነው ያለሽ ማነው?" አሉኝ። ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ ያልኩት።

ሕክምናው ረጅም ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሌሊት ሽፍት ስወጣ፣ መነጽር አድርጌ የብርሃን ሣጥን ውስጥ እቆማለሁ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ፣ እየቆየ ደቂቃዎች። በአራተኛው ወር አገጬ ላይ ቡናማ ነጥቦች ወጡ። ልክ የቀይ ጤፍ ፍሬ የተበተነበት ይመስል ነበር። ቀለሙ በአብዛኛው የሚመለሰው ከፀጉር ሥር ነው፤ ለዚያ ነው ፊት ቶሎ የሚመለሰው። ጣት ጫፍ ፀጉር የለውም። ስለዚህ እጄ እንደነጣ ቀረ። በ2022 ሐምሌ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ሩክሶሊቲኒብ የሚባል ቅባት ለቪቲሊጎ ሲፈቅድ ሐኪሟ ጻፈችልኝ። የአንድ ቱቦ ዋጋ ያኔ ወደ 2,000 ዶላር ነበር። ኢንሹራንሴ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ሐኪሟ ደብዳቤ ጽፋ ሁለት ጊዜ ይግባኝ ካለች በኋላ ፈቀደ። አንድ የእምቢታ ደብዳቤ አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አገጬ ተመለሰ። እጄ ትንሽ ብቻ።

ማይክል ጃክሰን ይሄው በሽታ ነበረበት። በ1993 ለኦፕራ ዊንፍሬይ ተናግሮ ነበር። እኛ ሰፈር ግን "ነጭ ለመሆን ተቀየረ" እየተባለ ሲሳቅ ነው ያደግኩት። እኔም ስቄያለሁ። ሰኔ 25፣ የሞተበት ቀን፣ ዛሬ የዓለም የቪቲሊጎ ቀን ነው። በየዓመቱ ያን ሳቄን አስታውሳለሁ።

ጓደኛዬ ባለፈው መስከረም ልጇን ክርስትና አነሳች። ጠራችኝ። ለአራት ዓመት የሰላምታ ቴክስት ብቻ ነበር የምንጻጻፈው። እንግዳው ሲሄድ ኩሽና ውስጥ ሁለታችን ቀረን።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "ምን አድርጌሽ ነው? ጉርሻዬን ተጸየፍሽው፣ ሳህን ለየሽ፣ ከዚያ ቤት ለየሽ። የናቅሽኝ መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።"

ደነገጥኩ። እጄን አውጥቼ አሳየኋት። "ይሄን እንዳትጸየፊ ብዬ ነው" አልኳት።

"እሱን እኮ ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ዕቃ ታጥቢ የነበረ ቀን።"

ቆመን ዝም ተባባልን። ከዚያ ትሪው ላይ ከተረፈው ዶሮ ወጥ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። ጎረስኩ። ወጡ ቀዝቅዟል። እየዋጥኩ እጄን ታጠብኩና ለእሷ ጠቀለልኩላት፤ ጣቶቼ ይንቀጠቀጡ ነበር። አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። ጎርሳ ሳትጨርስ "አንድ ያጣላል" አለችና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።